ቲቸር ታደለ እና የኤዶ ኻድራ በር

ቲቸር ታደለ የሞቱት ማክሰኞ ነው፤ እኔ የሰማሁት ሐሙስ። ዋጃሌ ነበርኩ፣ ወረቀት ላይ ቶጎጫሌ የሚሏት የድንበር ከተማ። ቦንዳ ልብስ ፈትቼ የተቀደደውን ከደህናው እለያለሁ። የድሮ ክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዱ «ቲቸር አረፉ፣ ትናንት ቀበርናቸው» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሃያ ምናምን ሰው የሚያለቅስ ፊት ደርድሮበታል። ከሃያዎቹ ውስጥ ሆስፒታል ሄዶ የጠየቃቸው ቢበዛ ሦስት ቢሆን ነው። እኔ ምንም አልላክሁም። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። የሕፃን ሹራብ ከትልቅ ሰው ሱሪ ጋር እየደባለቅሁ መሆኑን የነገረችኝ አጠገቤ የምትለይ ሴት ናት።

እኚህን ሰው ለብዙ ዓመት ጠልቻቸዋለሁ። ሲሞት ሁሉም ሰው ደግ ይሆናል፣ እኔ እንደዚያ ልጽፍ አልተቀመጥኩም። አንድ በር አለ፤ የጎረቤታችን የኤዶ ኻድራ በር። በ2010 ክረምት ጅጅጋ የተረበሸች ጊዜ እናቴ ያንን በር አንኳኩታ አልተከፈተላትም። እግሯ የተሰበረው በዚያ ምክንያት ነው፤ ዛሬም በምርኩዝ ትሄዳለች። ለዚያ እግር ተጠያቂው ማን እንደሆነ እኔ ከማንም በፊት ፈርጄ ጨርሼ ነበር። ቲቸር ታደለ ፍርዴን አልቀበልም ያሉኝ ሰው ናቸው።

ከጎጃም ነው የመጡት። ለሁለት ዓመት ብለው መጥተው ሃያ ስድስት ዓመት ኖሩ። ለምን አልተመለሱም ሲባሉ «ዝውውር ጠይቄ መልሱን እየጠበቅሁ ነው» ይላሉ፤ የጠየቁት እኔ ሳልወለድ ነው። ረጅምና ቀጭን ነበሩ። የጅጅጋ ነፋስ ሲነሣ ተማሪዎች «ቲቸርን ያዟቸው፣ ሊሄዱ ነው» እያሉ ይቀልዳሉ። በጋም ክረምትም የምትለበስ አንዲት ቡናማ ኮት አለቻቸው፣ ኪሷ ሁልጊዜ በጠመኔ ዱቄት የነጣ። ሶማሊኛቸው ደግሞ የሚያስቅ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሻሂ የሚሸጡላቸው ሴትዮ ቲቸር ሲያዟቸው አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ነው የሚስቁት። እሳቸው አይከፋቸውም፤ ይደግሙላቸዋል።

ያስተማሩን አማርኛ ነው፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ አንደኛ። ውጤት የሚሞሉት በእርሳስ ነበር። ሌሎቹ መምህራን በቀይ እስክሪብቶ ይቧጥጡናል፣ እሳቸው በእርሳስ። «ሰው ሲያስተካክል ቁጥሩም ይስተካከል» ይላሉ። ርእሰ መምህሩ ተቆጥቷቸው እንደነበር ሰምተናል፤ አልተዉም።

ታሪክ ስንተርክላቸው «ከዚያ» ማለት ክልክል ነው። አንዱ ተነሥቶ «ከዚያ ልጁ ሄደ፣ ከዚያ አባቱ ሞተ፣ ከዚያ...» ሲል እጃቸውን ያነሣሉ። «ረዳት ሆንክ እንዴ? ከዚያ ቀብሪበያህ፣ ከዚያ ሃርትሼክ፣ ከዚያ ሀርሺን። ይሄ የሚኒባስ ነው። ሴራ ማለት አንዱ አንዱን ሲወልድ ነው። አባትየው ለምን ሞተ? ልጁ ባይሄድ ይሞት ነበር?» ልጁ ግራ ይገባዋል፣ ይቀመጣል፣ እኛ እንስቃለን። ሲገባን ግን ነገሩ የሚያስፈራ ነበር። «ለምን» እያሉ ወደ ኋላ መሄድ ከጀመሩ ማቆሚያው የት ነው?

ስለ ተምሳሌት ያስተማሩን ቀን ደግሞ አይረሳኝም። አሥረኛ ክፍል ነን። ከእኛ በፊት ካለፉ ተማሪዎች የወረስነው ኖት አለ፤ ዝናብ ተስፋ፣ ጨለማ ድንቁርና፣ ድልድይ ዕርቅ ይላል። ሁላችንም ሸምድደነዋል። ቲቸር ዝናብ ምንድነው አሉ። ሃምሳ ሰው በአንድ ድምፅ ተስፋ አለ። እሳቸውም ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ያኔ አብራኝ የምትቀመጠው ሆዳን እጇን አወጣች። ሆዳን የኤዶ ኻድራ ልጅ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነን።

«ቲቸር፣ ሀርሺን አያቴ ጋ ዝናብ ፍየል ይገድላል» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር አልሳቁም፣ አስረጂን አሏት። ድርቁ ሲረዝም ፍየሎቹ ቆዳና አጥንት ሆነው ይቆያሉ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ከብርድ ጋር ይመጣል፤ በማግስቱ አጥሩ ሥር ተደራርበው ሞተው ታገኛቸዋለህ አለች። አያቷ ነጎድጓድ ስትሰማ ከማመስገኗ በፊት ሮጣ ግልገሎቹን ወደ ጎጆው ታስገባለች። ቲቸር ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ የጻፉትን በእጅጌያቸው ጠረጉት። በዳስተር አይደለም፤ በእጅጌያቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ ዝናብ ዝናብ ነው» አሉ። «በማን ላይ እንደዘነበ ሳትነግሩኝ ተስፋ ነው እንዳትሉኝ።»

ያ ዓመት አለቀ፤ ክረምቱ መጣ።

አያቴ ወታደር ሆኖ ነው ጅጅጋ የገባው፤ እዚያው ወልዶ እዚያው ተቀበረ። የእኛና የኤዶ ኻድራ ግቢ የሚካፈለው አንድ ግንብ ነው። «ኤዶ» አክስት ማለት ነው፣ እኔም እንደ ሆዳን ዘመዶች ኤዶ ብዬ ነው ያደግሁት። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው። እማዬን «አስካለ፣ አንተ ቆንጆ ሰፊ ነህ» ስትላት እማዬ መቀሱን እስክትጥል ትስቃለች። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። የኤዶ ኻድራን ድራክ ሁሉ፣ ያንን ሰፊ የሶማሌ ቀሚስ፣ የሰፋችው እሷ ነች።

ረብሻው የተነሣ ጠዋት፣ እንደኛ ከደጋ የመጣ ሰው ሲታደን፣ እማዬ ገበያው ጫፍ ካለችው የስፌት ሱቋ እየሮጠች መጣች። የእኛ ግቢ ተቆልፏል። ወደ ኤዶ ኻድራ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ዞረች፤ አንኳኳች፤ በስሟ ጠራቻት። አልተከፈተም። ጩኸቱ ሲቀርባት ቁልቁል ሮጠች፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ወደቀች። እስኪመሽ እዚያው ተኝታ ዋለች። ሐኪም ያየችው በአራተኛው ቀን ነው፤ አጥንቱ ጠምሞ ገጠመ።

ነገሩ ሲረጋጋ ኤዶ ኻድራ በትንሽ ጀሪካን የግመል ወተት ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆሜ «እናቴ ተኝታለች» አልኳት። እማዬ አልተኛችም ነበር። በሳምንቱ ደግሞ መጣች፤ ያንኑ ደገምኩላት። ሦስተኛ አልመጣችም። መስከረም ትምህርት ሲከፈት ከሆዳን አጠገብ ተነሥቼ ኋላ ተቀመጥኩ። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ያ ራሱ አናደደኝ።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነን። ቲቸር አጭር ልቦለድ ጻፉ አሉን፤ ከሃያ ይያዛል። እኔ በአንድ ቁጭታ ሰባት ገጽ ጻፍኩ። ርእሱ «በሩ» ነው። ሴትዮዋ ታንኳኳለች፣ ውስጥ ያለችው ሴት ትሰማለች፣ አትከፍትም። በሩን የጨካኝ ልብ ተምሳሌት አደረግሁት። ሰማያዊውን ቀለም እንኳ አልማርኩም፤ «ሰማይ የተባለው ሐሰት» ብዬ ጽፌበታለሁ። ስም ቀይሬያለሁ፤ ግን ጅጅጋ ውስጥ ማን እንደሆነች ለማወቅ ስም አያስፈልግም።

ክፍል ውስጥ እንዳነብ ጠየቅሁ። ሆዳን ሦስተኛው ዴስክ ላይ እያለች። ቲቸር ከለከሉኝ እንዳትሉ፤ አንብቢ አሉኝ። ሳነብ ጀርባቸውን ሰጥተው በመስኮቱ ሜዳውን ያያሉ። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም፣ አንዳንድ ሴቶች ያለቅሳሉ። እኔ ድል ያደረግሁ መሰለኝ።

ዞሩ። ገጸ ባሕርይ ሲያስተምሩ ሁልጊዜ የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች አሏቸው፤ ሰውየው ምን ፈለገ፣ ምን ፈራ፣ የቱ በለጠበት። ያን ቀንም እነዚያኑ ጠየቁ። «ከውስጥ ያለችው ሴት ምን ፈለገች? ምን ፈራች?»

እኔ መለስኩ። «ምንም። ክፉ ስለሆነች ነው» አልኩ።

«ሰው ክፉ ስለሆነ ክፉ ሠራ የሚል ደራሲ እንቅልፉ መጥቷል ማለት ነው» አሉ። «ሂጂ ተኝተሽ ተመለሺ።»

ክፍሉ ሳቀ። ያኔ ልብ ያላልኩትን አንድ ነገር አሁን አያለሁ። ሆዳን እኔን አልነበረም የምታየው፣ እሳቸውን ነው። እሳቸው ደግሞ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ጠርገው ሊጨርሱት አልቻሉም።

ወረቀቱ ተመለሰልኝ። አሥራ አንድ ከሃያ፣ በእርሳስ። አማርኛዬን አንድ ቦታ አልነኩትም። ከሥር አንድ መስመር ብቻ ጽፈዋል። «ይህች ሴት የራሷ ቤት አጠገቧ እያለ የሰው በር ለምን አንኳኳች? ይህን ያልመለሰ ሴራ እግር የለውም።»

እግር የለውም። ይህን ቃል መርጠው የጻፉት መስሎኝ ወረቀቱን ጨምድጄ ያዝኩት። ግን ያቃጠለኝ ቃሉ አልነበረም፣ ጥያቄው ነው። ለእናንተም እስካሁን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ግቢያችን የተቆለፈው እኔ ቆልፌው ወጥቼ ነው። እማዬ ጠዋት ስትወጣ «ቤት ጠብቂ፣ ቀኑ ደስ አይልም፣ እንዳትወጪ» ብላኝ ነበር። ቤት መቀመጥ አልወድም፣ እስከ ዛሬም አልችልበትም። ሹሩባ ልሠራ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። ያለን አንድ ቁልፍ ነው፣ ኪሴ ውስጥ ነበር። እናቴ ቦዩ ውስጥ ስትወድቅ የእኔ ፀጉር ግማሹ ተሠርቶ ነበር።

ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። እማዬም አልጠየቀችኝም፤ ስለዚህ የረሳችው መስሎኝ ነበር። ኤዶ ኻድራን ግን በደንብ አስታወስኳት።

ትምህርት ቤቱ በዓመቱ መጨረሻ ወላጅ በተጠራበት የሥነ ጽሑፍ ቀን ላይ «በሩ» እንዲነበብ ፈልጎ ነበር። ቲቸር ዝርዝሩ ውስጥ የኔን ሰረዙት። ስሰማ መምህራን ማረፊያ ድረስ ሄድኩ። ሌሎች መምህራን ሻሂ ይጠጣሉ፣ ግድ አልሰጠኝም።

«ይሄ ፈጠራ አይደለም፣ የሆነ ነገር ነው» አልኳቸው።

«የሆነ ከሆነማ ባሰ። በፈጠራ ሰው የሚበደለው ወረቀት ላይ ነው» አሉኝ።

«እናቴ እያነከሰች ነው። እርስዎ ስለ ገጸ ባሕርይ ያወራሉ።»

«ሌላ የማወራበት አላውቅም፣ ትዕግስት።» ቀስ ብለው ነው ያሉት። «ጨርሺው። ያቺን ሴት ከውስጥ ሆነሽ ጻፊያት። ውጤቱ በእርሳስ ነው፣ አጠፋዋለሁ።»

«እርስዎ ፈሪ ነዎት» አልኳቸው። ሻሂ ሊቀዳ የነበረው የሒሳብ መምህር እጁ ቀጥ አለ።

«ልክ ነሽ» አሉ ቲቸር።

ወረቀቱን እዚያው ቀድጄ ጠረጴዛቸው ላይ ጣልኩት። ለቅሞ የሚያነሣ ሰው ሲያዩ እንዴት እንደሚያሳዝን ታውቃላችሁ። አንድ በአንድ ለቀሙት። ከዚያ ቀን በኋላ እሳቸው ክፍል ሲገቡ እኔ ጭንቅላቴን ዴስክ ላይ እደፋለሁ፤ አንድም ቀን ቀና በይ ብለውኝ አያውቁም።

በተከታዩ ዓመት የሆዳን አያት ሀርሺን ላይ ሞተች፤ ኤዶ ኻድራም ከብቶቹን ልትይዝ ግቢዋን አከራይታ ልጆቿን ይዛ ሄደች። ሆዳን ልትሰናበተኝ መጥታ «አንድ ቀን እናቴን ጠይቂያት፣ አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። የምጠይቃት የለኝም አልኳት። አሥራ ሁለተኛ ጨረስኩ፣ ነጥብ አልመጣልኝም፣ ዋጃሌ እየተመላለስኩ ቦንዳ መሸጥ ጀመርኩ። ከተቀመጥኩ ያመኛል፤ መንገዱ ተስማማኝ። ቲቸርን አንዳንዴ ገበያ አያቸዋለሁ። እሳቸው ባርኔጣቸውን ያነሡልኛል፣ እኔ ባጃጅ እንደምጠራ ሆኜ እዞራለሁ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ግሩፑ ላይ ቲቸር ኩላሊታቸው እምቢ ብሏቸው ሆስፒታል እንደገቡ ተጻፈ። አልሄድም ብዬ ነበር። እማዬ ናት ያስገደደችኝ። ልብስ እየሰፋች፣ ቀና ሳትል፣ በታመመ ሰው ቂም አይያዝም፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሂጂ አለችኝ። እማዬ እንዲህ አድርጋ የምታዘኝ ከስንት አንዴ ነው።

ያ ረጅም ሰው ተኮማትረው አልጋው ረዝሞባቸው ነበር። የሆስፒታሉ ልብስ ላይ ያችን ቡናማ ኮት ደርበዋል። ሲያዩኝ «የስምሽ ተቃራኒ መጣሽ» አሉ፤ ትዕግስት የሌላት ትዕግስት እያሉ ድሮም ይቀልዱብኛል። ያመጣሁትን ጭማቂ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጥኩ። እሳቸው የሚነግሩኝ ነበራቸው።

«ያቺን ሴት ከውስጥ ሆነሽ ጻፊያት ያልኩሽ፣ እኔ ውስጥ ስለነበርኩ ነው» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀስ እያሉ፣ እየደከማቸው ነገሩኝ። ያን ጠዋት በኤዶ ኻድራ ሰፈር ሲሸሹ በሩን ከፍታ ጎትታ አስገባቻቸው። ከእሳቸው በፊት አሥር ሰው አስገብታለች፤ አብዛኞቹን አታውቃቸውም። ሁሉም የእህል መጋዘኗ ውስጥ ነበሩ፤ እሳቸው ከእሷ ጋር በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። እናቴ አንኳኳች።

«ኻድራ ልትከፍት ተነሣች» አሉ። «አትክፈቺ ያልኳት እኔ ነኝ። ፈራሁ። የእናትሽ እግር በእኔ ነው። እኔን ጥዪኝ፤ እሷን ተያት።»

ምን ማለት ነበረብኝ? ተነሥቼ ወጣሁ። በሩን እንኳ በቅጡ አልዘጋሁትም። ኮሪደሩ ላይ ስሄድ ሲያስላቸው ይሰማኛል፣ አልተመለስኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ምን እንደምላቸው አላወቅሁም፣ ወይ ልሰድባቸው ነው ወይ ላለቅስ ነው፣ ሁለቱንም አልፈለግሁም። በሦስተኛው ሳምንት ዋጃሌ እያለሁ ሞቱ። ጥያቄያቸውን ሳልመልስላቸው፣ ጎናቸው ሳልቀመጥ፣ ደህና ይሁኑ ሳልል።

ቅዳሜ ጠዋት ሀርሺን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለእማዬ አልነገርኳትም። ሆዳን ግሩፑ ውስጥ የለችም፣ መርዶውን ለኤዶ ኻድራ ማን ሊነግራት ነው ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት፤ ልቤ ግን ሌላ ነገር ፈልጎ ነበር። ቲቸር አትክፈቺ ካሉ ኤዶ ኻድራ ነፃ ናት። ሰባት ዓመት ያለጥፋቷ ጠልቻታለሁ ማለት ነው። ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ጥፋቱ የሟች ይሆናል፣ ያበቃል። እንደዚያ አስቤ ነበር።

ቤቷን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ሆዳን እዚያ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፣ ቅዳሜም ክፍል አላት፣ እስከ ስድስት ሰዓት አትመጣም አሉኝ። ኤዶ ኻድራ ብርካው አጠገብ ነበረች፤ ዝናብ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው፣ ከርሱ እየቀዳች ለግልገሎች ታጠጣለች። ሸብታለች። ባልዲውን አስቀምጣ ዓይኗን በእጇ ከልላ አየችኝ።

«ትዕግስት፣ አንተ ነህ?» አለች።

«መዓሊን ሞቱ» አልኳት። ሁልጊዜ መዓሊን ነበር የምትላቸው፣ መምህር ማለት ነው።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ኢና ሊላሂ አለች፣ ከንፈሯ ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ማን አጠባቸው፣ ቀብሩ ላይ ሰው ነበር ወይ፣ እህታቸው ከጎጃም ደረሰች ወይ እያለች ጠየቀችኝ። የሰማሁትን ነገርኳት። ቀብሩ ላይ እንዳልነበርኩም ነገርኳት። ያን ጊዜ ነው ሆስፒታል የነገሩኝን ሁሉ ያወጣሁላት፣ አትክፈቺ ያሉት እሳቸው እንደሆኑ። ስጨርስ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ነበር።

«ውሸት ነው» አለች። «መዓሊን አትክፈት አላለም። የአስካለን ድምፅ ሲሰማ እሱ ነው የተነሣው፣ ልከፍት ነው አለ። ኮቱን ያዝኩት፣ እዚህ ጋ። እጅጌው ተቀደደ። በቀዳዳው አይቻለሁ፤ ዱላ የያዙ ልጆች ማዕዘኑ ላይ ቆመው ወደኛ ያያሉ። ከከፈትኩ አሥራ አንዱንም ያያሉ። የኔም አምስት ልጆች ውስጥ ናቸው። አልከፈትኩም። እኔ ነኝ።»

«ስታንኳኳ ሰምተሻል?»

«እስከ ዛሬ እሰማለሁ።»

ግልገሎቹ ባልዲውን ገፍተው ውሃውን ደፉት። አላየቻቸውም። ለምን አልነገርሽንም፣ ያንን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ አውቃለሁ።

«ምን ልበል?» አለች። «አስካለ፣ አሥራ አንድ ሰው አስገብቼ ነበር፣ አንተን ግን አልከፈትኩም ልበል?»

ትክክለኛውን እሷ እንደተናገረች ወዲያው አወቅሁ፤ ያ እጅጌ ትዝ አለኝ። በ2011 መስከረም ቲቸር ክፍል ሲገቡ የኮታቸው የግራ እጅጌ ከብብቱ ጀምሮ በጥቁር ክር ተሰፍቶ ነበር። ቡናማ ኮት ላይ ጥቁር ክር። ስፌቱ ዓይኔን ይዞት ነበር፣ የማን እጅ እንደሆነ ለምን እንዳልጠየቅሁ አላውቅም።

«የሰፋችው እማዬ ናት» አልኩ።

«እናትህ ናት። ሊያሰፋ ሄዶ ሁሉንም ነገራት፣ አሥራ አንዱንም፣ እኔንም። ከዚያ ወዲህ እሱ ሀርሺን ሲመጣ ሰላምታዋን ያመጣል፣ የኔን ይወስዳል። በየዓመቱ ቅቤ በሱ ነው የምልክላት።»

ያ ቅቤ። እማዬ ከገበያ ገዛሁት ነበር የምትለኝ።

እማዬ ሁሉንም ታውቅ ነበር። ታዲያ እኔ ኤዶ ኻድራን ስረግም ለምን ዝም አለች? መልሱ አፌ ላይ መጣ፤ ሰባት ዓመት ያልወጣው ቃል ተከትሎት ወጣ።

«ኤዶ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነበር» አልኳት። «ቤት ጠብቂ ብላኝ ወጣሁ። ቆልፌባት ወጣሁ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። «ስታንኳኳ ነገረችን። ኻድራ ክፈቺልኝ፣ ልጅቷ ቁልፉን ይዛ ወጥታለች አለች። መዓሊንም ሰምቷል።»

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እርሳሱ ታየኝ፣ ያቺ መስመር። የራሷ ቤት አጠገቧ እያለ የሰው በር ለምን አንኳኳች? መልሱን እያወቁ ነው የጻፉት። ለክፍሉ አልተናገሩም፣ ለኔም አልተናገሩም፣ ራሴ እንድጽፈው ጠበቁኝ። አልጻፍኩም። ቀኑ ሲያልቅባቸው ጊዜ፣ ታሪክ አታስዋሹ እያሉ ሲያስተምሩን የኖሩት ሰውዬ ዋሹልኝ፤ የኔንም የኤዶ ኻድራንም ጥፋት ለራሳቸው ወስደው ሊሄዱ። እማዬ ደግሞ ዝም ያለችው ስለ በሩ ከተወራ ስለ ቁልፉ መወራቱ ስለማይቀር ነው። እኔ ብቻዬን የተሸከምኩት ሲመስለኝ ሦስት ሰው ይዞልኝ ነበር። አንደኛው ሞቷል።

አለቀስኩ። ኤዶ ኻድራ አላባበለችኝም፤ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፣ ጋርባሳሯን፣ የምትከናነበውን ሻርፕ፣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ከዚያ «እናትህ መሞቱን ሰምታለች?» አለችኝ።

አልነገርኳትም ነበር፤ እሷ ቴሌግራም የላትም፣ በዚያ እግሯም ከቤት ብዙ አትወጣም። ሐሙስ ማታ ከዋጃሌ ስመለስ ፊቷን አይቼ አቃተኝ።

ደወልኩላት። የስልኬ ጆሮ ተበላሽቶ በድምፅ ማጉያ ነው የማወራው። የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። የት ነሽ አለችኝ። ሀርሺን፣ ኤዶ ኻድራ ጋ አልኳት። መኪናው ቆመ። የሆነውን ሳልነግራት፣ ከድምፄ ይሁን ከቦታው አላውቅም፣ የገባት መሰለኝ። ስጪያት አለችኝ።

ኤዶ ኻድራ ስልኩን አልተቀበለችኝም፤ እጇ እርጥብ ነው። ጎንበስ አለችበት።

«አስካለ» አለች።

«ኻድራ» አለች እናቴ። «ሰውየው ሞተብን፣ አይደል?»

«ሞተብን።»

ሁለቱም አልዘጉትም። ስልኩን በሁለት እጄ በመሃላቸው ይዤ ቆየሁ።